ሥራው ምን ተብሎ ይጻፍ

ወንድሜ በሕይወት ሳለ ሥራው ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ቶሎ መመለስ አልችልም ነበር። ዛሬም አልችልም። በቤታችን ይህ ጥያቄ የሚያስፈራ ጥያቄ ነው። ለምን እንደሚያስፈራ ለመናገር ከእናቴ መጀመር አለብኝ።

ቤታችን ሐይቅ ከተማ ዳር ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ ከሚወስደው መንገድ ዝቅ ብሎ። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። እናቴ ጨውና በርበሬ እየነገደች ሁለታችንን አሳደገች። ወንድሜ በዕድሜ በጣም ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነበር የምለው። እኔ ገና ፊደል ስቆጥር እሱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። ያኔ ቀይ ሽብር መጣ።

እናቴ አንድ ቀን ለንግድ ደሴ ሄዳ አስፋልት ዳር የተጣሉ ልጆች አየች። የአንዱ ደረት ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ማንበብ ስለማትችል አጠገቧ የቆመውን ሰው ምን እንደሚል ጠየቀችው። ሰውየው ወረቀቱን አላነበበላትም። «ተማሪ ነበር» አላትና አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እናቴ በርበሬዋን ሳትሸጥ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ያ ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ወንድሜ በዚያው ሰሞን ሸሽቶ ቤት መጣ። እናቴ መጻሕፍቱን አቃጠለች። እሱን አምባሰል ወንድሟ ዘንድ ላከችው። ለሚጠይቃት ሁሉ «ገበሬ ነው፤ አጎቱ ጋ ያርሳል» አለች። እውነትም አረሰ። እጁ እስኪላጥ አረሰ። አብዮት ጠባቂዎች ሁለት ሦስት ጊዜ መጥተው ጠይቀው፣ ገበሬ ነው ሲባሉ ተመለሱ። ያ ውሸት አዳነው። እናቴም ያዳነውን ነገር አልረሳችም።

ከዚያ ነገሩ ሲበርድ ተመልሶ ዩኒቨርሲቲውን ጨረሰ። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት የዓሣ ባለሙያ ሆኖ ተቀጠረ። ጥቂት ዓመት ሠርቶ ለዶክትሬት ከሶሻሊስት አገሮች ወደ አንዱ ተላከ። እዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ የሐይቃችንን ውኃ ዓመት ሙሉ ሊያጠና መጣ። ጽሑፉ ስለዚህ ሐይቅ ነበር። ውኃው ከወር ወር እንዴት እንደሚለወጥ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚረባ። እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ታንኳውን እኔ እቀዝፋለሁ፣ እሱ ይለካል።

አጥማጆቹ ይቀልዱበት ነበር።

«ይኸ ሰውዬ ዓሣውን ይይዛል፣ ሆዱን ያያል፣ ለድመት ይሰጣል። ምኑን ነው የሚበላው?» ይላል አንዱ።

«ወረቀቱን» ይላል ሌላው።

ወንድሜ አብሮ ይስቃል። ግን አንድ ነገር አይወድም። «አሁንም ትማራለህ እንዴ?» ሲሉት ፊቱ ይለወጣል። አንድ ቀን ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል እየተመለስን መቅዘፉን አስቁሞኝ እንዲህ አለኝ፦

«መሥሪያ ቤቴ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ለትምህርት የሄድክበት ዘመን ለዕድገት አይቆጠርም አለኝ። አብሮኝ የተቀጠረው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ የሥራ ልምድ አገኘ። እኔ እዚህ ፀሐይ ላይ ስቃጠል ተማሪ ነኝ።»

«ተማሪ አይደለህም ወይ ታዲያ?»

«ማን ያስተምረኛል? አስተማሪዬ ባሕር ማዶ ነው ያለው፤ ይህን ሐይቅ አይቶት አያውቅም። መረቤ ሲሰረቅ ከሰው ጋር የምስማማው እኔ ነኝ። የምለካበት ዕቃ ሲሰበር የምጠግነው እኔ ነኝ። ያሰብኩት ሁሉ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ እንደገና የምጀምረው እኔ ነኝ። ይህ ሥራ ካልሆነ ሥራ ምንድን ነው?»

መቅዘፊያውን እንደገና አነሳሁ። የሚያናግረው እኔን እንዳልሆነ ይመስለኝ ነበር። ቢሆንም አመንኩት። ጀርባው በፀሐይ ተልጧል። ማታ እየጻፈ ያንቀላፋል። እንደዚያ የሚደክም ተማሪ አላየሁም።

በዚያ ዓመት የብሔራዊ ውትድርና ነገር በረታ። አፈሳው ከገበያ ጀመረ። ወጣት ወንድ ጨው ልግዛ ብሎ ወጥቶ ሳይመለስ ይቀራል። የተማሪ መታወቂያ የያዘ ይለቀቃል። የመንግሥት ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ካመጣ ይለቀቃል። የቀረው በመኪና ይጫናል። እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ መታወቂያዬን ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌ እሄድ ነበር። ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የምዳስሰው እሱን ነበር። ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። ሠላሳ ካለፈ አይነኩትም። እናቴ ያችን ቀን በዱዓ ትጠብቃታለች።

የቀበሌው ጸሐፊ ለምዝገባ የመጣው ወንድሜና እኔ ሐይቁ ላይ ሳለን ነው። ስንመለስ እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ደስ ያላት ትመስላለች።

«መጥተው ነበር» አለች። «ስለ አንተ ጠየቁኝ። ጥሩ አድርጌ መለስኩላቸው።»

«ምን አልሽ?» አለ ወንድሜ።

«ዓሣ አጥማጅ ነው አልኩ።»

ወንድሜ ሳቀ። «እማ፣ ዓሣ አጥማጅ?»

«ምን ልበል ታዲያ? ያንን ነገር ልበልልህ? ወላሂ ከአፌ አይወጣም። ታንኳ ላይ ትውላለህ፣ መረብ ትጥላለህ፣ ዓሣ ዓሣ ትሸታለህ። ምን ዋሸሁ?»

«አልዋሸሽም» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ «ቢያንስ ሥራ አለው ብላለች» አለኝ። ያን ዕለት ሁለታችንም ነገሩን እንደ ቀልድ አየነው። በማግስቱ ግን አንድ አጥማጅ መጥቶ ነገረን። አጥማጆች የሚታወቁት በማኅበር ነው። የማኅበሩ አባል የሆነ ካርድ አለው። ካርድ የሌለው ዓሣ አጥማጅ ሥራ ፈት ነው የሚባለው። ወንድሜ ደግሞ የማኅበሩ አባል አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ሰላም ጠፋ። እናቴ እህል አልዋጥ አላት። የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሦስታችንም ወደ በሩ እናያለን።

ወንድሜ ቀበሌ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሊቀመንበሩ በዕድሜ የገፋ ገበሬ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ከላይ ሰው አምጣ ይሉታል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መዝገቡ ላይ ስሕተት አለ» አለ ወንድሜ። «እኔ ዓሣ አጥማጅ አይደለሁም።»

«እናትህ ናት ያለችው። እናት ልጇን አታውቅም?»

«የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ለዶክትሬት ጥናት ነው የመጣሁት።»

«ዶክተር? ይኸው ወገቤን ያመኛል። መርፌ አለህ?»

አጠገቡ የተቀመጡት ሳቁ። ወንድሜ አልሳቀም። መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ እንደሆነ አስረዳ። ሊቀመንበሩ አዳመጠው።

«ደመወዝ ይከፍሉሃል?»

«አሁን አይከፍሉኝም። ጥናት ላይ ነኝ።»

«እንግዲያ ተማሪ ነህ።»

ወንድሜ የሰጠው መልስ አሁን ድረስ ያሳስበኛል። «ተማሪ አይደለሁም» አለ። «ሥራ ነው የምሠራው።»

«ልጄ፣ ደመወዝ የለህም፣ ማኅበር የለህም፣ ትምህርት ቤት የለህም። እኔ ምን ብዬ ልጻፍህ? ከአንዱ ማስረጃ አምጣ፣ እሰርዝሃለሁ። ወላሂ እሰርዝሃለሁ።»

ወንድሜ ለመሥሪያ ቤቱ ስልክ ደወለ። ደሴ ድረስ ሄዶ ነው የደወለው። ጥናት ላይ ስለሆንክ ማስረጃ የሚሰጥህ ትምህርት ቤትህ ነው አሉት። ትምህርት ቤቱ ባሕር ማዶ ነው። ይዞት የመጣው ወረቀት አለ፤ ሊቀመንበሩ አገላብጦ አየውና «ይኸን ማን ያነብልኛል?» ብሎ መለሰለት። ወንድሜ ራሱ ሊያነብለት ፈለገ። «አንተ ለራስህ ብታነብ ምስክር ይሆናል እንዴ?» አለው። እውነቱን ነው።

እናቴ ለቅሶ ጀመረች። «አምባሰል ሂድ» አለችው። «አጎትህ አለ። ያኔም ያዳነህ አምባሰል ነው። ቀኗ እስክታልፍ እረስ።»

«አልችልም እማ።»

«ለምን?»

«ውኃው በየሳምንቱ መለካት አለበት። አንዱ ሳምንት ካመለጠኝ ዓመቱ ይበላሻል። እንደገና ሌላ ዓመት ነው።»

«ውኃው የት ይሄድብሃል? ከመነኮሳቱ በፊት የነበረ ውኃ።»

«ውኃው አይሄድም። ሳምንቱ ነው የሚሄደው።»

እኔ እለካልሃለሁ አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት። ጥቂት አሰበና «ያንተ እጅና የእኔ እጅ አንድ ዓይነት አይለካም፤ ያበላሸዋል» አለኝ። ሊያስቀይመኝ ብሎ አልነበረም። እንደዚያ ነበር የሚሠራው። እናቴ ግን «ይኸ ትምህርት አይደለም፤ ሱስ ነው» አለች፤ ከዚያ ትምህርት የሚለውን ቃል በመናገሯ ደንግጣ አፏን ያዘች። ቃሉ ተማሪ እንኳ አልነበረም።

ወንድሜን የያዙት በጠዋት ነው፤ ከሐይቁ ስንወጣ። አጥማጆቹም ይወጡ ነበር። አብዮት ጠባቂዎቹ ከሸምበቆው ጀርባ ቆመው ቆይተዋል። አጥማጆቹ ካርዳቸውን አወጡ። እኔ መታወቂያዬን አወጣሁ፤ ስቸኩል ጭቃ ላይ ወደቀ። አንዱ አንስቶ አየውና መለሰልኝ።

«አንተስ?» አለው ወንድሜን።

ወንድሜ ውኃ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በሁለት እጁ ይዞ ነበር። አየኝ። መታወቂያዬንም አየው።

«ተማሪ ነኝ» አለ።

ሲለው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

ሰውየው ፊቱን አየው። «በዚህ ጢም?» አለው። ሌሎቹ ሳቁ። አንደኛው ወረቀት አውጥቶ «ዓሣ አጥማጅ፣ ማኅበር የሌለው» ብሎ አነበበ። አጥማጆቹ ሰውየው ዶክተር ነው፣ ሐይቁን የሚያጠና ነው እያሉ ለመኑ። ሁል ጊዜ ወረቀት ይበላል የሚለው ቀልደኛው አጥማጅ አብዮት ጠባቂውን እጁን ይዞ ለመነው። አልሰሙም።

ወንድሜ ጠርሙሶቹን ሰጠኝ። «ጥላ ቦታ አስቀምጣቸው» አለኝ። ከዚያ ወሰዱት። ቤት ስደርስ እናቴ ጠርሙሶቹን ሁሉ እኔ መያዜን አይታ ብቻዬን እንደመጣሁ አወቀች።

ሠላሳ ዓመት የሞላው ማሠልጠኛ ሆኖ ነው።

ስለ እሱ የሰማነው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። መርዶው ከመጣ በኋላ፣ ሰደቃው ካለፈ በኋላ፣ አንድ የባቲ ልጅ ቤታችንን እየጠየቀ መጣ። እግሩን ቆስሎ የተሰናበተ ነው። ሰሜን አብረው ነበሩ። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ፊቱን እያየች ሰማችው።

«የእኛ ሻምበል ተማሪ ነህ ገበሬ ነህ አላለውም» አለ ልጁ። «ምን ትችላለህ ነው ያለው። ውኃ አውቃለሁ አለው። ስንት ዓመት ሠርተሃል አለው። ያጠናበትን ዘመን ሁሉ ቆጥሮ ነገረው። ሻምበሉ ጻፈለት። ያኔ ሰዉ በተቅማጥ ያልቅ ነበር እትዬ። ከጥይቱ ይልቅ ውኃው ነበር የሚፈጀን። እሱ ይኸን ጠጡ፣ ይኸን አትጠጡ፣ ይኸን አፍልታችሁ ጠጡ ይላል። ጉድጓድ ከሰፈር ርቆ እንዲቆፈር አስደረገ። መጀመሪያ ሳቅንበት። በኋላ ካላየልን አንጠጣም አልን።»

«ደስ ይለው ነበር?» አለች እናቴ።

ልጁ ግራ ገባው። «እንግዲህ … ሥራውን ይወድ ነበር።»

ከዚያ የመጨረሻውን ነገረን። አዲስ ቦታ ሊሰፍሩ ነው፤ ምንጭ አለ ተባለ። ጦሩ ሳይጠጣ እሱ ቀድሞ ሊያየው ወረደ። ጥይቱ ከማዶ መጣ። አስከሬኑን በማግስቱ ነው ያገኙት።

ስለዚህ ነገር ብዙ አሰብኩ። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው አንድ ሰው ያን ዘመን ሥራ ነው ብሎ እንዲጽፍለት ነበር። የጻፈለት ያ ሻምበል ብቻ ነው። ባይጽፍለት ኖሮ ምንጩ ጋ ሌላ ሰው ይወርድ ነበር። ሌላው ደግሞ ውኃውን ሳያውቅ ያጠጣቸው ነበር። ከዚህ አልፌ ማሰብ አልችልም። አእምሮዬ እዚያ ላይ ይቆማል።

እኔም መርዶው በመጣበት ክረምት አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። መታወቂያዬን ትምህርት ቤቱ ተቀበለኝ። ደረት ኪሴ ባዶ ሆነ፤ ባዶነቱ ይከብደኝ ነበር። እናቴ ይህን አውቃለች፤ አንድም ቀን አላነሳችውም።

የቀበሌው ጸሐፊ እንደገና ለምዝገባ መጣ። ያው ሰው ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እኔ ከኋላዋ ነኝ። ሰላምታ ሰጥቷት፣ ስለ ወንድሜ አላህ ያጽናሽ ብሎ፣ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ይኸኛው ልጅሽስ እትዬ፣ ሥራው ምን ተብሎ ይጻፍ?»

እናቴ ነጠላዋን አጣፋች፣ እንደገና ፈታችው። ሁልጊዜ ስለ እኛ የምትመልሰው እሷ ነበረች።

«እሱን ጠይቀው» አለች። ከበሩም ዘወር አለችልኝ።

ሰውየው አየኝ። ተማሪ ነኝ እንዳልል ጨርሻለሁ። ሠራተኛ ነኝ እንዳልል ማን ቀጠረኝ። የእናቴን ጀርባ አየሁ፤ ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰብስቦ ቆሟል፣ መልሴን ትጠብቃለች።

«ውጤት እየጠበቅሁ ነው» አልኩ።

ጸሐፊው ትንሽ አሰበ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላየሁም።