በወተት ጣሳ ውስጥ የቀረችው ጤና አዳም

ባለሱቋ ጎረቤቴ በሯን በከፈተች ቁጥር፣ ከቴሌቪዥኗ ጎን በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ የቆመችውን ጤና አዳም አያታለሁ። ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የእኔና የእሷ በር ፊት ለፊት ነው። እሷ ጫማዋን ስታወልቅ፣ ዕቃ ስታስገባ፣ ልጇን ስትሸኝ እኔ አንገቴን ወደ ውስጥ እሰዳለሁ። ሌላው ሰው ጎረቤቱ ምን እንደሚበላ ያያል፤ እኔ የማየው ቅጠል ነው። ያን ሰሞን ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ፣ ግንዱ እየቀጠነ፣ ተክሏም አንገቷን ወደ መስኮቱ እያሰገገች ነበር። ጣሳው ታች በሚስማር ከተበሳው ቀዳዳ ነጭ ሥር ወጥቶ ሳህኑ ላይ ተጠምጥሟል። ጣሳው ጠቧታል።

ያቺ ጤና አዳም ከድሮው ግቢያችን የተረፈች የመጨረሻዋ ናት። እሷ ከደረቀች አለቀ። ገበያ ላይ ጤና አዳም ሞልቶ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሞልቷል። ሳሪስ አቦ ሄጄ ገዝቼም አይቻለሁ፤ አፍንጫ ካላስጠጉት አይሸትም። የእኛዋ ግን ገና የግቢው በር ላይ ነበር የምትቀበለን።

ችግሩ የእኔ አለመሆኗ ነው። የባለሱቋ ናት። የባለሱቋ እንድትሆን ያደረግሁትም እኔው ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ አጠገብ በነበረው ግቢ አራት ቤተሰብ ሆነን ሠላሳ ዓመት ያህል ኖረናል። እኔ አለሁ፤ ባሏ ባቡር ላይ ይሠራ የነበረ አንዲት ባልቴት አለች፤ ፋብሪካ ውላ የምትገባ ሴት አለች፤ በግቢው አፍ ላይ ደግሞ ይህቺ የስልጤዋ ባለሱቅ አለች። ጤና አዳሟ ከውኃ ቧንቧው ጎን ነበረች። ማን እንደተከላት የሚያውቅ የለም። አንዷ ለአይብ፣ አንዷ ለልጅ ሆድ ቁርጠት፣ ሁላችንም እንቀጥፋት ነበር፤ «አበዛሽ»፣ «ቅርንጫፍ ሰበርሽ» እየተባባልንም እንጣላባት ነበር። ግቢው ለልማት ሊፈርስ መሆኑ ሲነገረንና መበታተናችን ሲታወቅ፣ ማን ይውሰዳት የሚል ጥያቄ መጣ።

«ቀድሜ ግቢው የገባሁት እኔ ነኝ» አለች ባልቴቷ።

«ውኃ ሳጠጣት የኖርኩት እኔ ነኝ» አለች የፋብሪካዋ ሴት።

እኔ እንዲህ ያለ ክርክር አልወድም። የጋራ ነገር የጋራ ነው። «ቅርጫ እናድርጋት» አልኩ።

ሳቁብኝ። ያልሳቀችው ባለሱቋ ብቻ ነበረች። «እኔ ተስማምቻለሁ» አለች፣ ገና አፌን ሳልከድን። ለምን እንደቸኮለች ያኔ አልገባኝም።

ቅርጫ ያልኩት እንደ በዓል በሬው ነው። በሬው ከታረደ በኋላ ሥጋው ከየብልቱ እኩል እኩል እየተቆረጠ መደብ መደብ ሆኖ ይደረደራል። እያንዳንዱ ሰው አንዳች ምልክት ለዕጣ ይሰጣል። ከዚያ የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል፤ የደረሰህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ማጉረምረም የለም። እኛም እንዲሁ አደረግን። ቁጥቋጦዋን ከነሥሯ ቆፍረን አወጣንና በመጥረቢያ አራት ቦታ ከፈልኳት። ከግንዱ፣ ከሥሩ፣ ከቅጠሉ ለሁሉም እኩል ደረሰ። አንደኛው መደብ ቅጠል ሲበዛበት እየቀነስኩ ለሌላው ስጨምር፣ ዕቃችንን ሊጭን የመጣው የአይሱዙ ሹፌር ቆሞ ያየኛል።

«እማማ፣ ሚዛን ልፈልግልዎት?» አለኝ።

«አንተ ዝም ብለህ ዕጣውን ጣል!»

የእኔ ዕጣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የባለሱቋ የከረሜላ ወረቀት ነበር። ሹፌሩ ጣለ፤ ሁላችንም የየራሳችንን አነሣን።

አከፋፈሉ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ትክክል ያልሆነችው ተክሏ ናት። በሬ ሲከፈል ሁሉም መደብ ሥጋ ነው፤ እሷ ግን ስትከፈል እሺ አላለችም። ሁለቱ ሴቶች ድርሻቸውን ይዘው ኮዬ ፈጬ ገቡ፤ እዚያ ደረቀባቸው። የእኔዋ እዚሁ በረንዳዬ ላይ ጠውልጋ ቀረች። የባለሱቋ ብቻ አቆጠቆጠች። ብዙም ሳይቆይ የባለሱቋ ልጅ ቤት ስትፈልግ፣ ፊት ለፊቴ ያለው ባዶ መሆኑን የነገርኳት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ እናትየዋን ከነጣሳዋ አመጣኋት።

«ጣሳው ጠቧታል፤ ወደ ሰፊ ዕቃ አዛውሪያት» አልኳት አንድ ቀን ጠዋት።

«ለምን?»

«ሥሯ በቀዳዳው ወጥቷል። አይታይሽም?»

«አየር ልትቀበል ነው የወጣችው።»

«ሥር አየር ሊቀበል አይወጣም!»

«የእኔ ይወጣል» ብላ በሩን ዘጋችው።

ልጄ ቤቱን ሲያስቀባ የተረፈ ትልቅ የቀለም ባልዲ ነበረኝ። አጠብኩት፣ ታችውን በጋለ ብረት በሳሳሁት፣ በሯ ላይ አስቀመጥኩላት። ማታ ሳየው ሽንኩርት ሞልታበታለች። «እንዴት ያለ ባልዲ ነው! አየር ያስገባል፣ ሽንኩርቱ አይበላሽም፤ አላህ ይስጥሽ» አለችኝ። ምን እላለሁ?

አንድ ቀን እናትና ልጅ ወጥተው ውኃ በተራችን መጣ። ውኃ ሲመጣ ጀሪካን እንድሞላላቸው ቁልፋቸውን እኔ ጋ ይተዋሉ። ጀሪካኑን ሞላሁና ከጣሳው ፊት ቆምኩ። አፈሩ እቤቴ ተዘጋጅቷል፤ ሰውም የለም። ግን ዕጣው የደረሰው ለእሷ ነው። ያንን ሕግ ያወጣሁት እኔ ሆኜ እኔው ላፍርሰው? አልነካኋትም። ጣሳውን ብቻ ትንሽ ዞር አደረግኩት፣ ያኛውም ጎኗ ብርሃን እንዲያገኝ።

ማታ በሬን ደበደበችው። «ጣሳዬን ማን አዞረው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ፀሐይዋ ዞራ ይሆናል።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ቅጠሏ ይረግፍ ጀመር። አንድ ቀን የባለሱቋ ልጅ ቢሮ ልትሄድ ስትወጣ ደረጃው ላይ ያዘችኝ። «እማማ፣ እባክዎ እማዬን አንድ ይበሉልኝ። ሪሞቱን ባነሣሁ ቁጥር ቅጠል አብሮ ይነሣል» አለችኝ። ዕለቱኑ ሳልጠራ ገባሁ።

«ልታደርቂያት ነው» አልኳት ለባለሱቋ። «ሦስቱ ደርቀዋል። ይቺ ከሄደች ሌላ የለም። ምንድን ነው እንዲህ የሚያደርግሽ?»

«አንቺ በመጥረቢያ ስትከፍያት አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ሥሯን ልትቆራርጪ ነው። አትነኪያትም።»

«እኔ ምን በወጣኝ፣ አንቺ ንኪያት።»

ጣሳውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

«በየበዓሉ ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብዬ ቅርጫችሁን ሳይ ነው የኖርኩት» አለች። «መደብ ስትደረድሩ፣ ኩላሊቱ አነሰ ብለሽ ስትጮሂ፣ ዕጣ ሲጣል እንደ ልጅ ስትንጫጩ። ሥጋችሁ ለእኔ አይሆንም፣ የእኔም ለእናንተ አይሆንም፤ እሱስ ግድ የለም፣ የራሳችንን እናርዳለን። ዕጣው ግን ያምረኝ ነበር። ከእናንተ ጋር አንድ ቀን ዕጣ ወጣልኝ። አንድ ቀን! እሷንም ቆራርጬ ላጥፋት?»

ያን ሁሉ ዓመት ሁሉም የየራሱን ከበላ ፍትሕ ነው ብዬ ነበር፤ ሱቅ በር ላይ የተቀመጠችው ሴት ዕጣ ያምራታል ብሎ ማን ያስባል?

«ስሚኝ» አልኳት በመጨረሻ። «የደረሰሽ ያንቺ ነው። ግንዷም ያንቺ፣ የሚቆረጠው ጫፍም ያንቺ፣ የሚፈሰው አፈርም ያንቺ። እኔ አንዲት ቅጠል አልወስድም፤ ልጅሽ ምስክር ትሁን። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እቆማለሁ። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እኔ እናገራለሁ።»

«መናገሩንማ ማን ከልክሎሽ ያውቃል» አለች። እሺ ማለቷ ነው።

ቅዳሜ ልጇም እቤት ስለነበረች ሥራውን ያን ቀን አደረግነው። አፈሩ እንዳይበታተን ዋዜማውን ውኃ አጠጥታታለች። የሰፈሩ መሬት ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ይጨመቃል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ስለዚህ እኔ ከአሸዋና ከደረቀ ፍግ ጋር ቀላቅዬ ነፍቼዋለሁ። ሽንኩርቱ ከባልዲው ወጣ። ደረጃው አናት ላይ ባዶ ጆንያ አነጠፍን፤ እሷ ተቀመጠች፣ እኔ እንደ ዘበኛ ቆምኩ።

«ግንዷን በጣቶችሽ መሃል አሳልፊ፤ አፈሩን በመዳፍሽ ደግፊ። አሁን ገልብጪያት። ቂጡን ምቺው።»

«የማንን?»

«የጣሳውን ነዋ!»

ብትመታው፣ ብትነቀንቀው አልወጣም። ልጇ የቆርቆሮ መቀስ ከታች ጎረቤት አመጣችና ጣሳውን ቀደዱት። ሥሩ የጣሳውን ቅርጽ ይዞ ወጣ፤ ተጠማዞ ተጠማዞ አፈሩ እንኳ አይታይም። ባለሱቋ አፏን በእጇ ያዘች።

በዚህ መሃል አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ሰውዬ ጀሪካን ተሸክሞ ሲወጣ መንገድ ዘጋንበት። «ምን እያረዳችሁ ነው?» አለ።

«በሬ» አለች ባለሱቋ ቀና ሳትል። «እለፍ፤ አንተ መደብ የለህም።»

«አሁን ሥሩን ፍቺው» አልኳት። «ሹሩባ እንደምትፈቺ አድርጊው፣ ከታች ጀምሪ።»

ይህንንስ ታውቅበታለች። ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ አንዷን ክር ከሌላዋ እየለየች ፈታችው። የሞተውንና የጠቆረውን ቁረጪ ስላት ግን እጇን ሰበሰበች። ጫፏንም መቀነስ አለብሽ፣ ሥሯ ተነክቶ ያን ሁሉ ቅጠል ልትሸከም አትችልም ስላት ባሰባት። ልጇን አየች፣ እኔን አየች፣ መቀሱን አነሣች። «ቢስሚላህ» አለችና ቆረጠች። የተቆረጡትን ሦስት ቀንበጦች ሻሿ ላይ አስቀመጠች። እኔ ግድግዳ አየሁ።

ባልዲው ውስጥ አስገብታ አፈር ስትሞላ ተክሏ ወደ ጎን ዘመመች። እጆቼ ሳልልካቸው ወጡ።

«እጅሽን!»

«ትወድቃለች እኮ!»

«እጅሽን ብዬሻለሁ!»

መለስኳቸው። እሷው አቀናቻት። «ግንዷን አትቅበሪ፤ በፊት በነበረችበት ልክ ይሁን። ጫን ጫን አድርጊው፣ ግን አትርገጪው። ውኃ ትንሽ ብቻ። ለጥቂት ቀን ፀሐይ አታሳያት» እያልኩ ስጨርስ ድምፄ ጎርንኖ ነበር። የሠራችው እሷ፣ የደከመኝ እኔ።

በነጋታው ተክሏ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠልጥላ አደረች።

«እንዴት አደርሽ?» አልኳት።

«አላደርኩም።»

ከዚያ በኋላ ሰላምታም ቀረ። በሩ ስንጥቅ ያህል ይከፈትና ይዘጋል። ልጇ ወደ ሥራ ስትወርድ በእጇ ምልክት ታሳየኛለች፤ አውራ ጣቷ ሁሌም ወደ ታች ነው። እህል አልገባ አለኝ። «እማዬ፣ ተክል እኮ ናት» ይለኛል ልጄ። እሱ ምን ያውቃል! ከሞተች ገዳይዋ እኔ ነኝ፤ የምትከሰኝ ደግሞ እስከ ዕድሜ ልኬ ፊት ለፊቴ ነው የምትኖረው።

አንድ ጠዋት የእሷ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘሁት። ማንም ሊዘጋው አልመጣም። ባልዲው መስኮቱ ሥር ነው፤ ተክሏ ቀጥ ብላለች፣ ከየአንጓዋ ትናንሽ አረንጓዴ ቅጠል ወጥቷል። ባለሱቋ አጠገቧ ቆማ ወገቧን ይዛለች።

«ሸተተሽ?» አለችኝ።

ደረጃው ላይ ሆኜ ሸቶኝ ነበር። «ትንሽ» አልኳት። ብዙ ብላት ትኮራለች።

እነዚያን ሦስት ቀንበጦች ለካ ወጥ ቤት ውስጥ በውኃ ብርጭቆ አስቀምጣቸው ሥር አውጥተዋል። በትንንሽ የእርጎ ዕቃ ተከለቻቸው። ሁለቱን ልጇ በአውቶቡስ ይዛ ኮዬ ፈጬ ወሰደች፣ አንዷን ለባልቴቷ፣ አንዷን ለፋብሪካዋ ሴት። ሦስተኛዋ መስኮቱ ላይ ቀረች። እኔ በሩ በተከፈተ ቁጥር አያታለሁ። ባለሱቋ እንደማያት ታውቃለች። እንደምታውቅ አውቃለሁ። ግን ምን መብት አለኝ? አንዲት ቅጠል አልወስድም ያልኩት ምስክር አቁሜ ነው።

«ምን ታያለሽ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ምንም።»

«ትፈልጊያታለሽ?»

«ድርሻዬ አይደለችም።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ትፈልጊያታለሽ ወይ?»

እኔ ድርሻዬን መጠየቅ አውቅበታለሁ። ቀበሌ ቢሉ፣ የዳቦ ሰልፍ ቢሉ፣ ታክሲ ላይ መልስ ቢሉ፣ የሚያልፈኝ የለም። ድርሻዬ ያልሆነውን ስጡኝ ብዬ ግን አላውቅም።

«ስጪኝ» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

«ሰምተሻል!»

«ደጅ ቆመሽ እያጉተመተምሽ እንዴት ልስማ? ግቢና በይ።»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። «እባክሽ ስጪኝ!» ብዬ ስጮህ የአራተኛ ፎቁ ሰውዬ ከላይ አንገቱን አወጣ።

ባለሱቋ ሳቋን ይዛ የእርጎ ዕቃውን አነሣችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ተቀብዬ አየኋት። ወደ ኮዬ ፈጬ የሄዱት ሁለቱ ቅጠላቸው ሙሉ ነበር፤ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።

«ይቺ ከሦስቱ ትንሿ አይደለችም?» አልኳት።

«ቅርጫ መሰለሽ እንዴ? ስጦታ እኮ ነው። ዝም ብለሽ ውሰጂ!»

ዝም ብዬ ወሰድኳት። ዝምታው እስከ ደጄ ድረስ ቆየ።