ለአንጋፋዎቹ ክብር የወጣው አልበም

አባቴ ጎፋ ጠጅ ቤት ማሲንቆ እየመታ ነው ያሳደገኝ። አምና አንድ ታዋቂ ዘፋኝ ለአንጋፋ አዝማሪዎች ክብር ብሎ ባወጣው አልበም የአባቴን ዘፈን ጨመረና ከሥሩ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ብሎ ጻፈ። ሕዝብ የተባለው አባቴ ግን መካኒሳ አቦ ቁጭ ብሎ ዘፈኑን በሬዲዮ ይሰማል። ቂሜን ቋጥሬ ቆየሁ።

ዘንድሮ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ሰርግ ተጠርቼ ስሄድ ያው ዘፋኝ ማሲንቆውን ይዞ ቆሟል። አዝማሪ ደግሞ እንግዳ የሰጠውን ስንኝ ተቀብሎ ማዜም ወጉ ነው። ጠጋ ብዬ «ተቀበል» አልኩት።

«የሽማግሌውን ዘፈኑን ወስጄ፣»

በማይክ ተቀበለ።

«አልበም አወጣሁኝ ስሙን አስወግጄ።»

አፉ ለምዶበት ይህንንም አዜመው፤ የገባው ከጨረሰ በኋላ ነው። ሰርገኛው ሲስቅ ማሲንቆውን ዝቅ አደረገ።

አልጠገብኩም። «ይደገም» አልኩት።