ባሕሩ ላይ ያረፈው መዳፍ

የወይራ ዘይት ሽታ እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥዕሉ ልጀምር።

በስደት በምኖርበት አገር፣ ኒው አልባኒ ከተማ ያለ መጋዘን ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ኢንዶኔዥያዊት ጓደኛ አለችኝ። ቀን ካርቶን ታሽጋለች፣ ከሥራ መልስ ባሕር ትሥላለች። የምትኖርበት ምድር ቤት ውኃ ስለሚያስገባ፣ ትልቁን ሥዕሏን ሾርት ኖርዝ የሚባል ሰፈር ያለ የሥዕል ጋለሪ እስኪወስደው ድረስ እኔ ሳሎን አቆመችው። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ኤግዚቢሽን ስለነበር ምግብ እንኳ አልበላ ብሏት ነበር የሰነበተችው።

ባሕሩ ጀልባ የለውም፣ ወፍ የለውም፣ ዳርቻም የለውም። ጥቁር አረንጓዴ ውኃ ብቻ ነው። ከታች በኩል፣ በተዘጋ በር ሥር እንደሚገባ ብርሃን ያለች አንዲት ፈዛዛ መስመር አለች።

“አገሬ ለቱሪስት የሚሸጠው ባሕር ዘንባባ አለው” ብላኛለች አንድ ቀን። “መምህሬ ግን ያያችሁትን ሳይሆን ያለማችሁትን ባሕር ሣሉ ይለን ነበር። ይሄ ባሕር እኔ ነኝ።”

እኔ ሥዕል አላውቅም። ግን ከሥራ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ፊቱ እቀመጥ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የቤት ለቤት ጸሎት ኅብረታችን ተራ እኔ ጋ ደረሰ። ሻይ ልቀዳ ኩሽና ገብቼ ስመለስ፣ የጸሎት መሪያችን ሥዕሉ ፊት ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ሕልም የሚፈቱ፣ ራእይ የሚያዩ፣ እውነቱን ለመናገር የምንፈራቸው ሴት ናቸው።

“ልጄ፣ ይሄ የውኃ መንፈስ ነው! ሰው ስቦ የሚያሰምጥ!”

“ኧረ እትዬ፣ የጓደኛዬ ዕቃ ነው! ቅዳሜ ሾው አላት...”

“በኢየሱስ ስም!” አሉና ለጸሎት በሚቀቡት የወይራ ዘይት የነከሩትን መዳፋቸውን ባሕሩ መሐል ለጠፉት። ሌሎቹ አሜን አሉ። ዘይቱ ከጣቶቻቸው ሥር ተንዠቀዠቀ። እኔም አማኝ ነኝ፣ እኔም እጸልያለሁ። ግን የሰው ልፋት ላይ እንዲህ እጅን መጥረግ ምን ይሉታል? ሻያቸውን ጠጡ፣ ሳምቡሳውን ጨረሱ፣ ባረኩኝና ሄዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አፌ የተፈታው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ብጠርገው፣ ብጠርገው አልለቅ አለ። ቀለሙ ደብዛዛ ነውና መዳፉ ከነጣቶቹ ያብለጨልጫል። በማግስቱ ጓደኛዬ መጥታ አየችው። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ አሸተተችውና መኪናዋ ላይ እንድጭንላት ጠየቀችኝ።

ጋለሪው ስናደርሰው ግን ባለቤቱ ሲያየው በደስታ ዘለለ። “ማንም እንዳይነካው! አገሯን ለመንካት የተዘረጋ የሠዓሊዋ እጅ ነው!” አለና መግቢያው ፊት ለፊት ሰቀለው። “የእኔ እጅ አይደለም” ልትለው አፏን ስትከፍት እሱ መብራት ሊያስተካክል ሄዷል።

ቅዳሜ ሰዉ አይብ እያላመጠ ስለ እጁ አወራ። አንዷ “ከሶፋዬ ጋር ይሄዳል” አለች። ስለ ባሕሩ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ፎቶ አንሺው ጓደኛዬን መዳፏን እላዩ ላይ እንድታሳርፍ ጠየቃት። አሳረፈች። የእትዬ ሰፊ መዳፍ በትንሿ እጇ ዙሪያ ተርፎ ይታያል፤ እነሱ ግን ያጨበጭባሉ። ቀፈፈኝ፣ ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምኩ።

ሥዕሉ ሶፋ ላላት ሴትዮ ተሸጠ። ይህን የሰሙት እትዬ እሑድ መድረክ ላይ ወጥተው “ያንን ፔይንት ሴል ያደረገው ቅባቱ ነው!” ብለው መሰከሩ። ጉባኤው እልል አለ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጥርሴን ነከስኩ።

ሰኞ ወደ ሥራ ስንሄድ፣ መኪና ውስጥ፣ አሁን ምን እየሣልሽ ነው ብዬ ጠየቅኋት።

“ጋለሪው ሌሎች ሥዕሎች አዞኛል” አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። “እጁን አተልቂው፣ ባሕሩን ቀንሺው ብለውኛል።”

“እና?”

“ቀንሼዋለሁ።”