የማንጠግቦሽ ጉርድ ፎቶ

የሺዋስ አገኘሁ ካሜራ በእጁ ሳይነካ የካሜራ ሊቅ የሆነ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልኩ የካሜራ ቪዲዮ ሲያይ ከርሞ፣ የትኛው በጨለማ ጥሩ እንደሚያነሣ፣ የትኛው ባትሪው ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ለጀማሪ የትኛው እንደሚያዋጣ ሮብ ገበያ ላይ ላገኘው ሁሉ ያስረዳ ነበር። ሰሚዎቹ ገበሬዎችና የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው። በትዕግሥት ራሳቸውን ሲነቀንቁለት ቆይተው “ለመሆኑ ያንተ የትኛው ነው?” ሲሉት፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኩን ያወጣል። በዚያች ስልክ ነው እንግዲህ የአካባቢውን ሰርግ ሁሉ ሲያነሣ የኖረው። ስልክ ብትሆንም እጁ የተባረከ ስለነበር ሰው ይጠራዋል።

ባለፈው ታኅሣሥ እናቱ ማንጠግቦሽ ሦስት ቀን ታማ በአራተኛው ቀን ሞተች። ለለቅሶው ፎቶዋ ሲፈለግ ታጣ። የአገሩን ሙሽራ ሁሉ ያነሣ ልጅ የገዛ እናቱ አንድ ፎቶ አልነበረውም። ሳይሞክር ቀርቶ አይደለም። ስልኩን ባነሣ ቁጥር “ቆይ፣ ልብሴን ልቀይር” ትለዋለች። ከበረት ስትወጣ፣ ከጎመን ጓሮ ስትመለስ፣ እንጨት ተሸክማ ስትገባ፣ ሁልጊዜ ልብሷ ለፎቶ በማይሆንበት ሰዓት ነው የሚያገኛት። እሱም “እሺ፣ ይቆይ” ይላል። ደህና ልብሷን የምትለብሰው በበዓል ነው፤ በበዓል ደግሞ እሱ የሰው ድግስ ላይ ነው። ይኸው ነው፤ ሌላ ሰበብ የለውም።

በለቅሶው አላለቀሰም። እህቱ ደረቷን እየመታች ስትጮኽ እሱ የላላ የድንኳን ገመድ ያጠብቅ ነበር። ሰው አየና “ይኼስ ልቡ ድንጋይ ነው” ብሎ አማው። ድንጋይስ አልነበረም፤ ብቻ ምንም አልተሰማውም። እህል ሲበላ አይጣፍጠውም፣ አይመረውምም። ሲስቁ ይስቃል። ወራቱ እንዲሁ አለፉ።

ግንቦት ላይ አባቱ አገኘሁ፣ ዘመናይ የምትባል ሴት አገባ። ፈጠነ ያሉ ነበሩ፤ ግን የገበሬ ቤት ያለ ሴት ስንት ወር ይቆማል? የሺዋስ አልተቃወመም። ቀጥሎ የመሬት ደብተሩ ይቀየር ተባለ፣ የማንጠግቦሽንም ድርሻ ልጆቿ ለአባታቸው ይተዉ ተባለ። እህቱ እያለቀሰች ፈረመች። እሱ ቀኑን ጠይቆ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ፈረመ።

በሳምንቱ አባቱ ከአጥሩ ወዲያ የነበረውን ባሕር ዛፍ ሸጦ ብሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠው። “ለዚያች ለካሜራህ” አለው። ብሩ የምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አላነሡትም። ሁለት ዓመት የተመኘው ነገር በእጁ ሲገባ የሺዋስ ደስታን እንደ ጠፋ ዕቃ በሆዱ ውስጥ ፈለጋት። የለችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

“አባዬ፣ ደብተሩን ለአንድ ቀን ይስጡኝ።”

በዚያ የመሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። ደብተሩ የተሰጠ ጊዜ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ከከተማ አንድ ፎቶ አንሺ መጥቶ ቀበሌውን አሰልፎ አንሥቷል። ማንጠግቦሽ በዕድሜዋ የተነሣችው ፎቶ ያ ብቻ ነው፤ አውራ ጣት የምታህል ጉርድ ፎቶ። ሰኞ አሮጌው ደብተር ለጽሕፈት ቤቱ ይመለሳል፤ በአዲሱ ላይ የሚለጠፈው የአገኘሁና የዘመናይ ፎቶ ነው። የእናቱን ፎቶ ከደብተሩ ላይ በስልኩ ሊያነሣ ደጋግሞ ሞክሮ የወጣለት ጭጋግ ነበር።

“ትቀደድና!” አለ አባቱ እየሰጠው። “ገጿ ከተነካች አይቀበሉኝም።”

ዓርብ ጧት ደብረ ማርቆስ ወረደ። ካሜራ ሻጩ ፍሥሐ ራሱ የድሮ ፎቶ አንሺ ነው፤ ዓይኑ ሲደክም መሸጥ ጀመረ። ገና ሳይቀመጥ ጠየቀው።

“ምን ልታነሣበት ነው?”

ያያቸው ቪዲዮዎች ሁሉ የሚጀምሩት በዚችው ጥያቄ ነበር። ሁለት ዓመት “ሰርግ” ብሎ ሊመልስ ተዘጋጅቶ ሳለ “ጉርድ ፎቶ” አለ።

ፍሥሐ ሳቀ። “ለጉርድ ፎቶ ይህን ሁሉ ብር? አሁን ያለህ ስልክ ምን አለው?”

የሺዋስ ደብተሩን ከጠቀለለበት ላስቲክ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። “እናቴ ናት። ሰኞ ይመለሳል። እሷን የምታነሣልኝን ነው የምገዛ።”

ፍሥሐ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

መጀመሪያ ያወረደው አዲስ ነው፤ ትልቅ፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ፣ የባሕር ዛፉን ብር እስከ መጨረሻው የሚበላ። ሁለተኛው ትንሽና ቀላል ነበር። የሺዋስ ስለ እሱ ብዙ ሰብኳልና ልቡ ወደዚያ ነበር፤ ግን ወደ ፎቶው ሲያስጠጋው ምስሉን አጥርቶ አልይዝ አለ። “ይኼ ሌንሱ ራቅ ማለት ይወዳል፤ አልዋሽህም” አለ ፍሥሐ። ሦስተኛው ያገለገለ ነው። የመያዣው ጎማ ተልጧል፣ ጀርባው ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ስም በምስማር ተጭሯል። ሌንሱ ከሁሉ ተራው ነው። እሱ ግን ተጠጋ፣ ተጠጋና ጢጥ ብሎ ያዛት።

ሆኖም ግንባሯ ላይ ነጭ ነገር ነበረ። በትልቁም ሞከሩ፣ ያው ነጭ። ፎቶው የተሸፈነበት ላስቲክ የመብራቱን ብርሃን ይመልሰዋል። የሺዋስ የካሜራውን ቁልፎች አንድ በአንድ እየነካ፣ ከቪዲዮ የተማረውን ቁጥር ሁሉ ሞከረ።

“ካሜራ ስትመርጥ ዋልክ፤ እስቲ ብርሃን ምረጥ” አለ ፍሥሐ። መብራቱን አጠፋ። ወንበር ተሸክሞ በሩ አጠገብ ጥላው ላይ አኖረና ደብተሩን ዘረጋበት። “አሁን በዚያች በርካሿ አንሣ።”

አነሣ። ነጩ ጠፋ። ማንጠግቦሽ ስክሪኑን ሞልታ ወጣች፦ ነጠላዋ እስከ ግንባሯ፣ አንገቷ ላይ ማተቧ፣ ጉንጯ ላይ ወይን ጠጅ የማኅተም ቁራጭ። ዓይኖቿ ፈጠዋል፣ ከንፈሯ ተጣብቋል።

“ደንግጣለች” አለ ፍሥሐ ቀስ ብሎ። “ፍላሽ ነው። ያን ጊዜ ሳንነግራቸው ነበር የምናበራባቸው።”

የሺዋስ ቆሞ ጠበቀ። አሁን እንባዬ ይመጣል ብሎ ነበር፤ ሰው ባይኖር ይሻላል ብሎም አፍሮ ነበር። ምንም አልመጣም። የሚያያት ሴት በደንብ ትታያለች፤ ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል። ብቻ እሱ አያውቃትም። እናቱ እንዲህ ደንግጣ አይቷት አያውቅም። የጠፋችበትን ሰው ሊያገኝ ሄዶ ዘመዷን ያገኘ መሰለው።

“ጥሩ ነው። ይችን እወስዳለሁ” አለ።

ዋጋው ከያዘው ብር ብዙ ዝቅ ያለ ስለነበር ሁለተኛ ባትሪም ሜሞሪም ጨመረበት። ከትልቁ ካሜራ ይልቅ ያገለገለውን ለምን እንደመረጠ ወዳጆቹ በኋላ ሲጠይቁት “ትጠጋለች” ብቻ ነው የሚላቸው።

ቅዳሜ ደብተሩን ለአባቱ መለሰ። አገኘሁ ገጿን ገልጦ አየ፤ አልተነካችም። ካሜራውንም አገላብጦ አየና ጉሮሮውን ጠራረገ።

“እንግዲህ መሣሪያው ከመጣ ለጉርድ ፎቶ ከተማ የምንሄደው ለምንድን ነው? አንተው አንሣን።”

የሺዋስ እሺ አለ። ካሜራዋ እቤት መጀመሪያ የምታነሣው ፎቶ የእናቱን ፎቶ ከደብተሩ የሚያስወጣው መሆኑን አውቋል፤ ማወቁ ግን እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ሳይነካው አለፈ። በርጩማ አምጥቶ በሩ አጠገብ ጥላው ላይ አኖረ። አባቱ ኮፍያውን አውልቆ፣ ወገቡን አቅንቶ ፎቶውን ተነሣ።

“ዘመናይ! ነይ!”

ዘመናይ ከበረት ወጣች። እጇ እስከ ክርኗ እበት ነው፤ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋለች። ካሜራውን ስታይ ደንገጥ ብላ ቆመችና እጆቿን ወደ ኋላ ደበቀች።

“ቆይ፣ ልብሴን ልቀይር” አለች።

የሺዋስ ካሜራዋን እንደያዘ ቀረ። “እሺ” የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ነበረች፤ ዕድሜውን ሙሉ ያላት ቃል ናት። አልወጣችም።

“አይቀይሩ” አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። “እንዳሉ ነው የሚያምሩ። እንዳሉ ይቀመጡልኝ።”

ይችን ቃል ለማን ማለት እንደነበረበት የነገረው አልነበረም፤ ከአፉ ስትወጣ ነው የሰማት።

ዘመናይ እጇን በሣር ጠርጋ ተቀመጠች። “እኔኮ እፈራለሁ።”

“አይፍሩ። ፍላሽ አላበራም።”

ዓይኑን አስጠጋ። ካሜራዋ ጢጥ አለች፤ ፊቷን ይዛለች። የሺዋስ ግን ፊቷን አላየውም። ሁሉም ነገር ውሃ ሆኖበታል።

“ጨረስክ?” አለች ዘመናይ፣ ሳትነቃነቅ።

“ትንሽ ይጠብቁኝ” አለ የሺዋስ፣ በእጅጌው ዓይኑን እየጠረገ። መጥረጉ ግን አልበቃም፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ዘመናይ በርጩማው ላይ ጠበቀችው። አባቱ ደብተሩን በብብቱ እንደያዘ ከአጥሩ ወዲያ ወደ ተቆረጠው ባሕር ዛፍ ዞሮ ቆመ።