የዓሣ ጆንያ ኮርኒስ

ትናንት አሁን በምኖርበት በአቦቦ ገበያ ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። አሪየት ናት፣ የጋምቤላ ከተማዋ የድሮ ጎረቤቴ።

«ሲስተር፣ ያ ቤትሽ እየፈረሰ ነው» አለችኝ። ከዚያ ሳቋ እያመለጣት፣ «ኮርኒስሽ ግማሹ እስካሁን አለ። ይሸታል!»

ቲማቲሙን እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ሻጯ ዕቃዋን የናቅኩባት መስሏት ተቆጣች።

በነርስነት ተመድቤ ከደብረ ማርቆስ ጋምቤላ የገባሁት ገና በወጣትነቴ ነው። የተከራየሁት ባሮ ወንዝ ዳር ያለ የአሮጌ መጋዘን ቆጥ ነበር፤ በመሰላል የሚወጣ፣ ቆርቆሮው ራስ ሊነካ የደረሰ። አከራዬ ግን «ፎቅ» ይሉታል። በበጋ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር የዘመናት አቧራ፣ ከሌሊት ወፍ ኩስ ጋር፣ ይወርድብኛል። እኔ ደግሞ ጥንቁቅ ነኝ። በሁዳዴ ወጤ ላይ የዝንብ ክንፍ ካገኘሁ ጾሜ ፈረሰ አልፈረሰ እያልኩ ስጨነቅ እውላለሁ።

ያን ዓመት የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራ በጾሙ መሀል ደረሰኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዘመድ በሌለኝ ከተማ እናት አባት የሆኑኝ ማኅበርተኞቹ ነበሩና ማፈር አልፈለግሁም። ላቀርብ ያሰብኩት ሱፍ ፍትፍት ነው። በዚያ ነጭ ፍትፍት ላይ አቧራ ቢወርድስ?

ጣሪያውን ከውስጥ ላለብሰው ቆረጥኩ። አሪየት ደረቅ ዓሣ ትነግድ ስለነበር ባዶ ጆንያዎቿን ሰጠችኝ። ባሮ ወርጄ በሳሙና ፈተግኋቸው፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋኋቸው፣ አሸተትኳቸው። ምንም የለም። አሪየት ዳር ተቀምጣ ታየኛለች።

«ሲስተር፣ ዓሣ በውኃ አይለቅም።»

«ለምን?»

«ውኃ ውስጥ አይደል ያደገው? መች ይፈራዋል?»

አልሰማኋትም። ሰፋሁ፣ በሚስማር መታሁ። ቆጤ ሙሽራ መሰለች።

በማኅበሩ ቀን እንግዶቼ እያቃሰቱ መሰላሉን ወጡ። በጾም እህል የሚቀመሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነውና ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆርቆሮው እሳት ሆነ። ያኔ ሽታው ወረደ። በሁዳዴ ዓሣ በማይቀመስበት ማኅበር መሀል! ከማኅበርተኞቹ መጀመሪያ የነቁበት እትዬ ዘነበች ናቸው። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣

«ልጄ፣ ዛሬ ምን ሠራሽልን?» አሉ።

«ሱፍ ነው፣ እትዬ።»

«የምን ሱፍ? ባሮ የበቀለ?»

በቃ፣ «በሁዳዴ ዓሣ የምትበላዋ ነርስ» ተብዬ መቅረቴ ነው! መምሬ ታደገ ግን እኛን ትተው ወደ ላይ ያያሉ። ጆንያው ላይ ትንንሽ እብጠቶች እየተራመዱ ወደ እሳቸው ይመጣሉ። ድመት! ከኋላዋም ሌላ፤ ሽታው በጣሪያው ክፍተት ጠርቷቸዋል። እዚያው ላይ ተናነቁ። ስፌቴ ተተረተረና ሁለቱም ድመቶች፣ ኮርኒሱ እስከዚያች ሰዓት ያጠራቀመውን አቧራ ሁሉ አስከትለው፣ ፍትፍቱ መሀል ዱብ አሉ።

አሪየት ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ወጣች። ሁላችንም ከወፍጮ ቤት የወጣን መስለናል። እትዬ ዘነበች አፍንጫቸውን ይዘው በጥርጣሬ ሲያዩኝ ስታይ ነገሩ ገባት።

«ሲስተር ዓሣ አትበላም!» ብላ ጮኸች። «የበላው ጆንያው ነው!»

መምሬ ጢማቸውን እያራገፉ፣ «እንግዲያው ንስሐ የሚገባው ጆንያው ነዋ» አሉ።

እየተሳሳቅን ወርደን ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ያን ቀን የቀመስነው አሪየት ያወረደችልንን ማንጎ ነው። እትዬ ዘነበች ብቻ ፍሬውን እየመጠጡ «ይሁን ብያለሁ» አሉ እንጂ አመንኩ አላሉም።

ይኸው ከአገሬ እንደወጣሁ እዚሁ ጋምቤላ ምድር ሸበትኩ። ያን ቀን ስሜን ያተረፈችልኝ ቤተ ክርስቲያኗ ከቤተ ክርስቲያኔ የማይገናኝ ዓሣ ነጋዴ መሆኗን ሳስብ፣ እግዚአብሔር ምስክር ሲልክ ማኅበርተኛ ነው ወይ ብሎ እንደማይጠይቅ ይገባኛል።

ያን ዕለት አብራችሁኝ አቧራ የለበሳችሁ ሁሉ፣ ታሪኩን ስታወሩ እባካችሁ ጆንያውን አትዝለሉት። እትዬ ዘነበችም፣ ዕድሜ ሰጥቶዎት ይህን ካነበቡ፣ ቤቱ ፈርሶ ሳያልቅ ብቅ ብለው ያሽትቱልኝ።