ጠቆር ያለው ግራጫ

ወንድሜ እጁ ፈጣን ነው። ሲመታ አይሳደብም፣ አያስጠነቅቅም፤ ጥፊው ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ነው መምጣቱን የማውቀው። አባታችን ከሞተ ወዲህ «ታላቅ ወንድም አባት ነው» የሚሉትን ነገር አጥብቆ ያዘ፤ ማባበሉን ትቶ ቅጣቱን ብቻ ወረሰ። እኔም የዋዛ አይደለሁም። ነክሼዋለሁ፣ ፊቱን ቧጭሬዋለሁ፣ አንዴ የፈላ ሻይ ደረቱ ላይ ደፍቼበታለሁ። ድሬ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን፣ ጎረቤት ቴሌቪዥኑን ቀንሶ የሚያዳምጠው ቤት ነበር።

ከዚራ ሰፈር አንዲት የኪራይ ክፍል አግኝቼ ነበር። እናቴን ይዤ ልወጣ ፈለግሁ፤ እሷን ከእሱ ጋር ትቼ መሄድ አልቻልኩም። እሷ ደግሞ አልሰማም አለች። «ልውጣ ካልሽ አንቺ ውጪ። እኔን ምን አድርጎኝ ነው ልጄን ጥዬ የምሄደው? አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም።» እውነቷን ነው፣ አያውቅም። ስለዚህ ሻንጣዬን አልጋ ሥር መልሼ ገፋሁትና ተቀመጥኩ።

የምተዳደረው ድረ ገጽ በመሥራት ነው። ደንበኞቼ የመጋላ ገበያ ነጋዴዎች ናቸው፤ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ የቤት ዕቃ የሚሸጡ። በዚህ ሥራ ለገጹ ቀለም ሲሰጥ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቁጥርና ፊደል የተደባለቀበት ኮድ ነው፤ ሌላው ስም ነው። ቶሜቶ ብዬ ስጽፍ ብራውዘሩ የቲማቲም ቀይ ያወጣልኛል። ቾኮሌት፣ ሳልመን፣ ስንዴ፣ የእሳት ጡብ የሚባል ሁሉ አለ፤ በስም የሚያውቃቸው ቀለሞች ከመቶ ይበልጣሉ። እኔ በስም ነው የምሠራው። ድሬ ላይ ደንበኛ ይደውልና «አቦ፣ የበሰለ ፓፓያ አድርጊልኝ» ይላል እንጂ ቁጥር አይጠራም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እነዚህን ስሞች ማን እንዳወጣቸው ጠይቄ አላውቅም።

ወንድሜ በስም መሥራቴን ይንቅ ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ የጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል ነው የሚሠራው፤ እዚያ ቀለም ማለት ቁጥር ነው። አንድ ቀን የወጣው ጨርቅ ከናሙናው ትንሽ ደመቅ አለና ኃላፊው እርጥቡን ጨርቅ ጠቅልሎ በሠራተኛ ሁሉ ፊት ፊቱ ላይ ወረወረበት። ቤት ሲገባ አንገቱ ድረስ ሰማያዊ ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት ላፕቶፔ ላይ ያየሁት ነገር አስቆኝ ነበር። በእሱ የሳቅሁ መሰለው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ የኃላፊውን ዕዳ እኔ ተቀበልኩ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፤ የእሱም ክንድ ላይ የጥርሴ ምልክት ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው በዕረፍት ቀኑ ግቢያችን ውስጥ በርሜል ጥዶ ለራሱ ማቅለም የጀመረው። ሶማሌዎቹ ጋርበሳር የሚሉትን ሰፊ የትከሻ ጨርቅ ነበር የሚያቀልመው። ከፋብሪካው እወጣለሁ ይል ነበር። ወፍራም ማማሰያ እንጨቱን ይዞ በርሜሉ ላይ ሲያጎነብስ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ያፏጫል፣ ውሃ አቀብዪኝ ሲል እንኳ «እህቴ» ብሎ ነው። በነዚያ ሳምንታት አልመታኝም። ሰው ሆነልኝ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ጨርቁን የሚሸጥበት ገጽ ሠራሁለት፤ እናቴም «አየሽ?» እያለች ትኩራራብኝ ጀመር።

የመጀመሪያዋ ትልቅ ገዢ መጋላ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላት ሴትዮ ነበረች። ኤዶ ነው የምንላት፤ በሶማሊኛ አክስት እንደ ማለት ነው። ገጹን በስልኳ አይታ ደወለችልኝ።

«ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ እዛ ከላይ፣ አድራሻችሁ የተጻፈበት፣ ከጀርባው ያለውን ቀለም ነው የምፈልገው። ሰርግ አለብን፤ የሙሽራዋ ዘመዶች ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚለብሱት።»

«እርግጠኛ ነሽ ኤዶ?»

«ወላሂ ወድጄዋለሁ! አብሽሪ።»

ገጹን ሳይሆን ኮዱን ከፈትኩ። የላፕቶፔ ስክሪን ካረጀ ቆይቷል፤ እሱ ላይ ሁሉም ነገር የነጣ ስለሆነ ዓይኔን ትቼ የተጻፈውን ማመን ለምዶብኛል። በቦታው ዳርክግሬይ ይላል። ወንድሜን ጠቆር ያለ ግራጫ ነው አልኩት።

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ስም ነው ያለው። ከግራጫ ጠቆር ያለ።»

ገጹን ክፈቺና አሳዪኝ አላለኝም፤ ስክሪን ሁሉ ውሸታም ነው ብሎ ያምናል። ጠቆር አድርጎ አቀለመው። ቆንጆ ሥራ ነበር፤ አንድም ቦታ አልተዥጎረጎረም።

የጨርቁን እስር በባጃጅ ይዘን አብረን ሄድን። ኤዶ አንዱን ዘርግታ አየችው፤ ሁለተኛውን ዘረጋች። ከዚያ ጮኸች። «ዋሪያ፣ አንተ! ይሄ የለቅሶ ነው የሰርግ? ልጅቷን ልትድራት ነው ልትቀብራት?» ጨርቁን ጭንቅላቱ ላይ ጣለችበት። መንገዱ ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ወንድሜ ሊናገር አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሲጠጋ የሱቋ ዕቃ አውራጅ ሊመታት መስሎት በሁለት እጁ ገፈተረው። በጀርባው ወደቀ፤ ክርኑ ተላጠ። ተነስቶ ጨርቁን አንድ በአንድ ለቀመ። እኔም አብሬው ለቀምኩ። በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስን።

የግቢውን በር እንደዘጋሁ ነው የመታኝ። በቡጢ ነበር፣ ቀኝ ዓይኔን። ግድግዳው ጀርባዬን መታኝ፣ ከዚያ መሬቱ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ መሬቱ ያቃጥላል፤ ደም ይሁን ላብ ያልለየሁት ነገር አፌ ውስጥ ገባ። በእግሩ ጎኔን ደገመኝ። እናቴ «በማርያም! በማርያም!» እያለች ትዞረናለች። በርሜሉ አጠገብ የተጋደመው ማማሰያ እጄ ገባ። እጁን ለሦስተኛው ሲያነሳ ባለ በሌለ ኃይሌ አሳረፍኩበት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ደስ አለኝ፤ ዛሬም ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽም። ጎረቤቶች በሩን ገፍተው ሲገቡ እሱ እጁን አቅፎ ተንበርክኮ ነበር፣ እኔም እንጨቱን አልለቅም ብዬ ከላዩ ቆሜ ነበር።

ወጌሻ መጥቶ አሰረለት። እኔ ዓይኔ አብጦ ተዘጋ።

በማግስቱ በአንድ ዓይኔ ላፕቶፑን ከፈትኩ። የእሱን ገጽ ላጠፋው ነበር። ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ፤ ኤዶ ምን አይታ ነው ሰርግ ያለችው? ሁለት ሣጥን ሠራሁና አንዱን ግሬይ፣ አንዱን ዳርክግሬይ ብዬ ቀባሁ። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያረጀው ስክሪን እንኳ ሊደብቀው አልቻለም። ጠቆር ያለ የተባለው ከግራጫው ይልቅ የነጣው ነው። በስልኬም ከፈትኩት፣ ያው ነው። አገላብጬ ሳነብ ነገሩ የቆየ ሆኖ ተገኘ። ከተለያየ ቦታ የመጡ ሁለት የስም ዝርዝሮች ሲቀላቀሉ ማንም ሳያስተካክለው የቀረ ነው፤ የሙያው ሰዎች ይቀልዱበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ላፕቶፑን አቅፌ ወደ እሱ ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ አሁን ሳስበው ያናድደኛል። እሱ ፍራሽ ላይ ነበር፤ እናታችን አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጣ በትሪ ምስር ትለቅማለች። አሳየሁት። አንዴ አየ፣ ደግሞ አየ፣ ከዚያ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው።

«እማዬ! እዪልኝማ! ኮምፒዩተሩ ነው እኮ ያጣላን! እህቴም አልተሳሳተች፣ እኔም አልተሳሳትኩ!»

«ተመስገን!» አለች እናቴ። «ሰይጣን ነው። በሉ ተነሱና ተሳሳሙ።»

ላፕቶፑን ከፊቱ ሳብኩት።

«ተሳስቼ ቢሆንስ?» አልኩት። «ቀለሙን እኔ አጥፍቼው ቢሆን ዓይኔ ይገባው ነበር?»

«ኧረ አቦ፣ አሁን ይሄን ምን አመጣው? አለቀ እኮ!»

ፊቱ እየበራ ተነሳ። ያልታሰረውን እጁን ከፍ አደረገ። ጭንቅላቴን ሊዳብሰኝ ነበር፤ መዳፉ ክፍት ነበር። እኔ ጎንበስ አልኩ፤ የለመደ ገላ አይጠይቅም። ትሪው ሲወድቅ ሰምቼ ዞርኩ። እናቴ ሁለት ክንዶቿን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ዱካዋ ላይ ኩርምት ብላለች። ምስሩ እግሯ ሥር ተበትኗል።

ወንድሜ እጁ እንደተነሳ ቀረ።

«እማዬ» አላት፣ «አንቺን መቼ ነክቼሽ አውቃለሁ?»

ዓይኗን ገለጠች። ክንዶቿን ግን አላወረደችም።

ላፕቶፑን ዘጋሁትና ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ።

«እማዬ፣ ነጠላሽን ልበሺ» አልኳት።

ለበሰች።