በመንዙማ የሚቀዝፉት አዛውንት

አዛውንቱ ሽርጣቸው ተንሸራታቹ ወንበር ሥር እንዳይገባ ጫፉን ሰብስበው ወገባቸው ላይ ይሸጉጣሉ። በከሚሴው ጂም መቅዘፊያ ማሽን ላይ በሽርጥ የሚቀመጡ እሳቸው ብቻ ናቸው። የጂሙን ባለቤት ፈረጅን ግን ልባቸው ያሰጋዋል።

«አባባ፣ ዛሬ ሁለት ሺህ ሜትሩን ሳያርፉ ካልጨረሱ ነገ አላስገባዎትም» አላቸው፣ የልባቸውን አቅም ሊፈትን።

«ሱታ ልጄ፣ ቀስ በል።»

ወጣቶቹ ገመድ እንደበጠሰ ጥጃ ይፈረጥጡና ግማሽ ሳይደርሱ ያለከልካሉ። እሳቸው የሚቀዝፉት በመንዙማ ነው፤ ቀስ ብለው እያንጎራጎሩ ይጀምራሉ፣ ዜማው ሲግል ጉተታቸውም ይግላል።

ጨረሱ። ፈረጅ የልብ ምታቸውን ሊቆጥር ክንዳቸውን እንደያዘ ሚስታቸው ደወሉ።

«ሰውዬ፣ የላክሁህ ዘይትስ?»

«ጀልባ ላይ ነኝ» አሉ፣ ትንፋሻቸው ሳይቆራረጥ።

ፈረጅ በሳቅ ቆጠራው ጠፋው። «ነገም ይምጡ» አላቸው። ሱቁም ዘይቱ ሳይገዛ ለመግሪብ ሶላት ተዘጋ።